ጠባዩ ከጥቃቱ በፊት ነበር ወይስ በኋላ መጣ?

የተከበራችሁ የምክር አገልግሎት ባለሙያዎች፣ ማኅበራዊ ሠራተኞችና ጠበቆች፤

«የምትደበደብ ሴት ምን ዓይነት ጠባይ አላት?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ተመራማሪ አድክሟል። ተመራማሪዎቹ ሆታሊንግና ሹገርማን 52 ጥናቶችን አመሳክረው እ.ኤ.አ. በ1986 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) ባሳተሙት ግምገማ፣ ከተፈተሹት 42 የተጠቂዋ መለያዎች ሳይዋዥቅ የተገኘው አንድ ብቻ ነው፤ በልጅነቷ በወላጆቿ መካከል ድብደባ ማየቷ። እሱም ያየችው ነገር እንጂ ጠባይዋ አይደለም።

ታዲያ ቢሯችን ድረስ ይዛው የምትመጣው ጥርጣሬ፣ ድንዛዜና ቁጣ ከየት መጣ? በአብዛኛው ከጥቃቱ። በስብዕና መጠይቅ ላይ «የሚከታተለኝ ሰው አለ» ለሚለው «አዎ» ብላ ስትመልስ የጥርጣሬ ነጥቧ ያሻቅባል። የቀድሞ ባሏ በየማታው ደጇ ላይ የሚቆም ከሆነ ግን መልሷ እውነት ነው። ስለዚህ ወረቀት ላይ አንድ መስመር አስምሩ። ከላይ ጥቃቱ የጀመረበትን፣ የባሰበትንና የቆመበትን ጊዜ ጻፉ፤ ከታች እንቅልፍ ማጣቱን፣ ቅዠቱን፣ መጠጡን፣ ራስን የመጉዳት ሐሳቡን። ምልክቱ ጥቃቱን ተከትሎ የመጣ ከሆነ «የስብዕና መዛባት» የሚለውን ስያሜ ለጊዜው አትስጧት፤ ከአደጋው ከወጣች በኋላ እንደገና መዝኑ። ፋይል ላይ የሰፈረ ስያሜ በልጆች አሳዳጊነት ክርክር እሷኑ መልሶ ይመታታል።

«ለምን ትታው አልሄደችም?» ለሚለው የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሌኖር ዎከር በ1979 ከሴሊግማንና ከማየር የእንስሳት ሙከራ የተወሰደውን «የተማረ ረዳት አልባነት» (ከተደጋገመ ስቃይ የተነሣ «ምንም ባደርግ አላመልጥም» ብሎ መቀመጥን) ለማብራሪያ አቀረበች። ሐሳቡ ተወደደ፤ በእኛ እምነት ከሚገባው በላይ። ጎንዶልፍና ፊሸር በ1988 በቴክሳስ መጠለያዎች ከገቡ ከ6,000 በላይ ሴቶች መረጃ ተነሥተው፣ ጥቃቱ ሲበረታ እርዳታ ፍለጋዋም እንደሚበረታ አሳዩ። ማየርና ሴሊግማንም በ2016 ሐሳባቸውን ከለሱ፤ መፍዘዝ የአንጎል ቀዳሚ ምላሽ ነው፣ የሚማሩት «ልቆጣጠረው እችላለሁ» የሚለውን ነው አሉ። በተግባር ሲታይ፣ የቀጠሮውን ቀን፣ መቀመጫዋንና የሚደወልላትን ሰዓት እሷ ትምረጥ።

እጇን ያነሣችውስ? የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያው ማይክል ጆንሰን በአጋሮች መካከል ያለውን ጥቃት እንደከፈለው፣ አንዱ ለመቆጣጠር የሚደረግ፣ ሌላው ከጠብ የሚነሣ፣ ሦስተኛው ደግሞ ለተቆጣጣሪ የሚሰጥ አጸፋ ነው። የምት ቁጥር ብቻ የሚመዘግብ ቅጽ ሦስቱን አይለይም። ማን ማንን እንደሚፈራ፣ ማን እንደተጎዳ፣ ገንዘቡንና ስልኩን ማን እንደያዘ ጠይቁ። አጸፋ የሰጠችውን ቁጣ የመቆጣጠር ሥልጠና ብቻ ሰጥቶ መሸኘት፣ ያለ ደኅንነት ዕቅድ ባዶ እጇን መመለስ ነው። በሌላ በኩል ባልንና ልጅን በቁጥጥሯ ሥር አድርጋ የምትደበድብ ሴትም አለች። በልጅነቷ የደረሰባት በደል ድርጊቷን ያስረዳል እንጂ ነፃ አያወጣትም። ግልፍተኝነት፣ የመተው ፍርሃትና መጠጥ በብዛት ስለሚታዩ ስሜትን የመግራት ሕክምናው ከሱስ ሕክምናው ጋር አብሮ ይሂድ።

ማንም ይሁን ማን አጥቂው፣ ብቻዋን ስትሆን «አንገትሽን አንቆሽ ያውቃል?» በሉ። በ2008 በወጣው የግላስና ባልደረቦቿ ጥናት፣ ከዚያ በፊት የታነቀች ሴት በአጋሯ የመገደል ዕድሏ ካልታነቀችው ከሰባት እጥፍ በላይ ነበር። አንገቷ ላይ ምልክት ባይታይም ድምፅዋ ከሻከረ ወይም መዋጥ ካቃታት በዚያው ቀን ሐኪም ይያት፤ የደም ሥር ጉዳቱ ዘግይቶ ሊገለጥ ይችላል።