ወንዝ ዳር ያለው ፍሬ

እንደምን አመሻችሁ!

አንድ መንገደኛ «ወንዙ ዳር አምስት ፍሬ አለ» አላችሁ እንበል። ሄዳችሁ አላያችሁም። ታዲያ ፍሬው እንዳለ አወቃችሁ ወይስ ገመታችሁ? ምሳሌው የኔ አይደለም፣ የጥንት የሕንድ ፈላስፎች ነው።

ንያያ የሚባለው ወገን «አወቃችሁ» ይላል። ለእነሱ የታመነ ሰው ቃል እንደ ማየት ሁሉ ራሱን የቻለ የእውቀት ምንጭ ነው። የታመነ የሚባለው ማነው? የንያያው ሊቅ ቫትስያያና በ5ኛው መቶ ዘመን ገደማ ሲመልስ፣ ነገሩን በቀጥታ ያወቀና እንዳወቀው ለመናገር የሚፈልግ ሰው ነው አለ። ጠቢብም ይሁን የተከበረ ሰው፣ ወይም እነሱ «ምሌቻ» እያሉ የሚንቁት ባዕድ፣ መመዘኛው ያው ነው። ዘር በሚቆጠርበት አገር ይህን መጻፍ ቀላል አይመስለኝም።

ቡድሂስቱ ዲግናጋ ግን አልተዋጠለትም። የእውቀት ምንጭ ማየትና ከምልክት ተነስቶ መደምደም ብቻ ነው፤ ጭስ አይታችሁ እሳት እንዳለ እንደምትደመድሙት፣ መንገደኛውንም ሰምታችሁ ደመደማችሁ እንጂ ሌላ ነገር የለም ባይ ነው።

እኔ እዚህ ላይ ወደ ንያያ አደላለሁ። ዓረፍተ ነገሩ የሚገባን ተናጋሪውን ከመመዘናችን በፊት ነዋ! እንዴት እንደሚገባን ደግሞ በደንብ አብራርተውታል። «ላም፣ ፈረስ፣ ሰው፣ ዝሆን» ብትሉ ቃላቱ አይፈላለጉም። «በእሳት አጠጣው» ብትሉ ሰዋስው አልተጣሰም፣ ነገሩ ግን አይገጥምም። «ላሚቱን» ብላችሁ «አምጣ»ን ከሰዓታት በኋላ ብትጨምሩ ደግሞ ማን ይሰማችኋል?

በቬዳ፣ ማለትም በሂንዱዎች ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት ጉዳይ ግን ጠቡ ከረረ። ሚማምሳ ከሚባለው ሌላ የፍልስፍና ወገን የሆነው ኩማሪላ ቬዳ ደራሲ የለውም ይላል። ተናጋሪ ከሌለ የሚዋሽም የለም! ብልጥ መልስ ነው፣ እኔን ግን አላሳመነኝም። ንያያዎች ተናጋሪ የሌለው ቃል አይዋጥላቸውም፤ ቬዳም የሚታመነው የተናገረው ስለሚታመን ነው ይላሉ፣ ልክ እንደ ሕክምና መጻሕፍት። መድኃኒቱ ሲያሽር ታያላችሁ፣ ከዚያ የሐኪሙን ቃል ባላያችሁትም ነገር ትቀበላላችሁ።

የለም፣ ዲግናጋ ነው ልክ የምትሉ ካላችሁ ማይኩ የናንተ ነው።