ቤቶች! ከዋይማር እስከ ጎታ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። አንድ ጉዞ ከልቤ አልወጣ ስላለኝ እሱን ላጫውታችሁ። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቱሪንጂያ ወደምትባለው የጀርመን ክልል ሄጄ ነበር። ዋይማርንና ጎታን ለማየት። በባቡር አንድ ሰዓት እንኳን አይሞላም፤ ኤርፉርት መሃላቸው ናት። የጉዞዬ ሰበብ መጻሕፍት ናቸው።

ዋይማር ውስጥ የአና አማሊያ ቤተ መጻሕፍት አለ። ገጣሚው ጎተ ለብዙ ዓመታት በበላይነት ይቆጣጠረው ነበር። በቀን የሚገባው ሰው የተወሰነ ስለሆነ ትኬቴን ቀደም ብዬ ቆርጫለሁ። ከመግባታችን በፊት ከጫማችን በላይ የምናጠልቀው ሰፊ የጨርቅ ነጠላ ጫማ ሰጡን። ለወለሉ ተብሎ ነው። አጠገቤ የነበሩ ሰዎች ትንሽ አጉረመረሙ። እኔ ግን ደስ አለኝ። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ጫማዬን እያወለቅኩ ነው ያደግኩት። እግር ሲለሰልስ ድምፅም አብሮ ይለሰልሳል።

እዚያ አዳራሽ ቆሜ ያሰብኩት እሳቱን ነው። ሴፕቴምበር 2 ቀን 2004 ምሽት ሕንፃው ተቃጠለ። 50 ሺህ ገደማ መጻሕፍት አመድ ሆኑ። ሌላ 62 ሺህ ያህል በእሳትና በውሃ ተጎዳ። የሚያንገበግበው ደግሞ፣ መጻሕፍቱ ወደ አዲስ ማከማቻ ሊዛወሩ የቀራቸው ጥቂት ሳምንት ነበር። የዚያን ሌሊት ሠራተኛውና የከተማው ሰው ተሰልፎ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ፣ ያገኘውን አወጣ። ቤቱ ዳግም የተከፈተው በ2007 ነው። እኔ በትኬት የገባሁበት አዳራሽ እነዚያ ሰዎች በጭስ ውስጥ የቆሙለት ነው። ይህን እያወቅኩ ጮክ ብዬ ማውራት አልቻልኩም።

ስለ ትኬት ካነሳሁ አይቀር፣ ፖርቱጋል፣ ፖርቶ ከተማ ሌሎ የሚባል የመጻሕፍት መደብር አለ። በ1906 ነው የተከፈተው። ደረጃውን ፎቶ ለማንሳት የሚመጣው ሰው መፈናፈኛ ሲያሳጣ፣ በ2015 የመግቢያ ክፍያ አስጀመሩ። መጽሐፍ ከገዛችሁ ከዋጋው ይቀነስላችኋል። ትክክል አድርገዋል እላለሁ። የመጻሕፍት መደብር በፎቶ አይኖርም።

ወደ ጎታ ልመለስ። እዚያ የሄድኩት በአባ ጎርጎርዮስ ምክንያት ነው። የመካነ ሥላሴው የአማራ ሰው፣ መነኩሴ ናቸው። የኤርፉርቱ ተወላጅ፣ የቋንቋ ሊቁ ሂዮብ ሉዶልፍ በ1649 ሮም ውስጥ አገኛቸው። በ1652 ደግሞ መስፍኑ ኧርንስት ጋብዘዋቸው ወደ ጎታ መጡ። ከአውሮፓ ሊቃውንት ጋር ስለ ግእዝ፣ ስለ አማርኛ፣ ስለ ሀገራችን ታሪክ ተነጋገሩ። ሉዶልፍ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው ከእሳቸው የተማረው ፍሬ ነው። እሳቸው ግን አላዩትም። በ1658 ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር ላይ አረፉ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

የመስፍኑ ቤተ መንግሥት ፍሪደንሽታይን ይባላል። ዛሬ ውስጡ የምርምር ቤተ መጻሕፍት አለ። እዚያ ነው ያጠፋሁት። ደስታ አስቸኮለኝ። የንባብ ክፍሉን በር ከፍቼ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳሁ። ድምፁ ተሰማ። አንዲት ሴት ከመጽሐፏ ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም። ሥራዋ ላይ የነበረች ሰው ናት፤ እኔ ደግሞ ሳታውቀኝ ፊቷን ይዤባት ልሄድ ነበር። አፍሬ ወጣሁ። ፎቶውን እዚያው ደጅ ላይ አጠፋሁት።

ማታ ሆቴል ሆኜ አያቴ ትዝ አለችኝ። ጎረቤት ስትሄድ በሩ ክፍት ቢሆንም ዘው ብላ አትገባም። ደጅ ቆማ «ቤቶች!» ትላለች። «ደጆች!» ሲሏት ነው እግሯን የምታነሳው። በየቀኑ የምትገባበት ቤት ቢሆንም እንዲሁ ናት። እኔ ጀርመንኛ ባልችልም «ጉተን ታግ» ማለት መች ያቅተኛል? ፎቶ ማንሳት ይፈቀዳል ወይ ብሎ መጠየቅስ?

በማግስቱ ተመለስኩ። ስልኬን ከነቦርሳዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። እንግዳ መቀበያው ጋ ሰላምታ ሰጥቼ፣ ከየት እንደመጣሁና ስለ ማን ማንበብ እንደምፈልግ ነገርኳቸው። የአባ ጎርጎርዮስን ስም ስጠራ ሰውየው ፊቱ በራ። መዝግቦኝ፣ የንባብ ክፍሉን በር አሳየኝ።

በሩ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ያቺ ሴት እዚያው ወንበሯ ላይ ነበረች። በሆዴ «ቤቶች» አልኩ። ቀና አለች። ለየችኝ መሰለኝ። በእጇ አጠገቧ ያለውን ባዶ ወንበር አመለከተችኝ፤ ሄጄ ተቀመጥኩ።