ሦስት ጣት ጨው

ውድ እንግዶች፣ ለመስክ ጥናት ወደ ሌላ አገር ልትሄዱ የተዘጋጃችሁ ወጣት ተመራማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ስለ ባንግላዴሽ ቆይታዬ እንዳወራችሁ ስጠየቅ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ውሃው ነው። የቆየሁባት የገጠር ወረዳ ማትላብ ከዋና ከተማዋ ከዳካ በስተደቡብ ምሥራቅ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ክረምት ሲገባ ማሳው ሁሉ ይዋጣል። ቤቶቹ የተሠሩት በተደለደለ ከፍ ያለ አፈር ላይ ስለሆነ እያንዳንዱ ግቢ ደሴት ይሆናል። ጎረቤት የሚጠየቀው በጀልባ ነው። እዚያ 14 ወር ቆየሁ።

ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ልጥራላችሁ። ከ1966 ጀምሮ በማትላብ ልደትና ሞት፣ የገባውና የወጣው ሰው ሳይቀር ቤት ለቤት እየተጠየቀ ይመዘገባል። በ1968 ደግሞ ዳካ ውስጥ በኮሌራ ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት አንድ ትልቅ ነገር አሳየ። ጨውና ስኳር ያለበት ውሃ በአፍ ከተሰጠ፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ በጣም ይቀንሳል። ስኳሩ ጨውን ይዞ ከአንጀት ወደ ሰውነት ይገባል፤ ውሃው ይከተላቸዋል። ኮሌራ ካልታከመ ከታመሙት ግማሽ ያህሉን ሊገድል ይችላል። በጊዜ ከታከመ ግን ከ100 ሕመምተኛ አንድ እንኳ አይሞትም። ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ይህን እውቀት እያንዳንዱ ቤት ማድረስ ሌላ ሥራ ነበር። ብራክ የተባለው የአገሬው ድርጅት ከ1980 ጀምሮ ሴቶችን በየመንደሩ ላከ። በአሥር ዓመት 12 ሚሊዮን ገደማ ቤቶችን አዳረሱ። ትምህርቱ በእጅ የሚለካ ነበር፦ በሦስት ጣት የተቆነጠረ ጨው፣ አንድ ጭብጥ ጉር፣ ግማሽ ሴር ውሃ። ጉር ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳር ነው። ግማሽ ሴር ግማሽ ሊትር አካባቢ ይሆናል።

የእኔ ጥናት ከዚያ ትምህርት ምን እንደቀረ ማየት ነበር። መጠይቄን ይዤ ዞርኩ። እናቶቹ ሁሉ በትክክል መለሱልኝ። አንዳንዶቹ እንደ መዝሙር ነው የሚሉት። ሦስት ወር ሙሉ ደስ ብሎኝ ጻፍኩ።

ከዚያ አንድ ሌሊት የተከራየሁበት ቤት ሕፃን ተቅማጥ ያዘው። አያቱ ተነሥተው መበጥበጥ ጀመሩ። ጨዉን በሦስት ጣት ቆነጠሩ። ውሃውን ግን የቀዱት እጃቸው ላይ በገባ ዕቃ ነው፤ ግማሽ ሊትር ቀርቶ ሩቡን እንኳ አይዝም። ጨው የበዛበት ውሃ ደግሞ ሕፃንን ይጎዳል። እኚህ ሴት ቀን ላይ ስጠይቃቸው አንድ ቃል ሳይስቱ የመለሱልኝ ናቸው። ሕፃኑ በማግስቱ ተሻለው፤ የእኔ መጠይቅ ግን እዚያው አበቃለት።

እንደገና ጀመርኩ። «ስንት ነው?» ማለቱን ትቼ «እስቲ አሳዩኝ» አልኩ። ይሄ ጊዜ ይበላል። እናት ሥራዋን እስክትጨርስ መጠበቅ፣ የቀረበውን መቅመስ፣ ዝናብ ካለ ማደር አለ። ገንዘብ የሰጠን ተቋም ስለ መዘግየቱ ደጋግሞ ወቀሰኝ። ከፋኝ፣ ግን አልተመለስኩም። ለእናንተም አንድ ነገር ብለምን ይህን ነው፦ እቅዳችሁ ውስጥ ምንም የማትጠይቁባቸው ወራት ይኑሩ። ከአማካሪዎቻችሁ ጋር ተከራከሩባቸው።

እንግድነቴ ያለቀውም በእነዚያ ወራት ነው። በፊት «ማዳም» ይሉኝ ነበር። በኋላ «አፓ» አሉኝ፤ እህቴ ማለት ነው። አፓ ከተባልኩ በኋላ የሰማሁት ሌላ ነው። ባል ካልፈቀደ ሕፃን ወደ ሐኪም እንደማይወሰድ፣ ጉር በቤት የሚጠፋባቸው ሳምንታት እንዳሉ፣ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ያኔ ነው። መጠይቄ ላይ አንዱም አልነበረም።

ልሄድ ስል አያት ወደ ማድቤት ጠሩኝ። ማሰሮ፣ ጨውና ጉር አቀረቡ። ልኩን ያሳየኋቸው የውሃ ጠርሙስም ነበር። «ዛሬ አንቺ ሥሪ» አሉኝ። ሠራሁ። ቀመሱና ራሳቸውን ነቀነቁ። የእኔ ጣቶች ከእሳቸው ይረዝማሉ፤ ጨው በዝቶ ነበር። ደፉት፣ እጄን ያዙ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አስተካክለው እንደገና አስቆነጠሩኝ።

አመሰግናለሁ።