44 የተለጠፈባት ባጃጅ

እሺ፣ ጤና ይስጥልኝ። ድምፄ ዘጋ ብሏል፣ የማርቆስ ብርድ ነው። ዶሮዋም እንደ ልማዷ ጀምራለች፣ ቻሏት።

ዛሬ የእማዬን የጠላ ታሪክ እጨርሳለሁ ብዬ ነበር። ይቆየን። ከእሁድ ጀምሮ አንድ ነገር ውስጤን እየበላው ነው። እሱን ሳላወራ ወደ ሌላ ወሬ መሄድ አልቻልኩም።

ዲኤስቲቪ ቤቱን ታውቁታላችሁ። ትልቁ ስክሪን የኳስ ነው፣ ጥግ ላይ ያለችው ትንሿ የእኛ የፎርሙላ ዋኖቹ፣ የመኪና ውድድር የምናየው። ድምፅ እንኳ አይለቀቅልንም። እሁድ 10 ሰዓት ላይ ውድድር ነበር፣ ሰዉም ያው ነው። ወንድሜ፣ ባለባጃጁ፣ የጋራዡ ልጅ፣ ሌሎች ሁለት ሦስት ልጆች። ባለባጃጁ ማለት የፊት መስታወቷ ላይ 44፣ የእንግሊዛዊውን ሹፌር የሉዊስ ሃሚልተንን ቁጥር፣ የለጠፈው ነው። ሃሚልተን በ2025 ከመርሴዲስ ቡድን ወደ ፌራሪ ሲሄድ ቁጥሯን አስልጦ በቀይ ያስለጠፈው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራላችሁ፣ እንዳይምታታ።

ውድድሩ እስኪጀምር ባለባጃጁ ስልኩን አውጥቶ የ2021ዱን የእንግሊዝ ውድድር፣ ሲልቨርስቶንን፣ ያሳየናል። መቼም ያላየው የለም። የመጀመሪያው ዙር ላይ፣ ኮፕስ የምትባለው መታጠፊያ ጋ፣ ሃሚልተንና ተቀናቃኙ ቨርስታፐን ተነካኩ። ቨርስታፐን በረረና ግድግዳው ላይ ተላተመ፣ 51 ጂ፣ የመሬት ስበትን 51 እጥፍ ማለት ነው፣ የተለካበት ግጭት። ሃሚልተን 10 ሰከንድ ተቀጣ፣ ያም ሆኖ አሸነፈ። ማታውን የመርሴዲስ ኢንስታግራም ሥር የዝንጀሮ ምስል ይዘንብ ጀመር። ፎርሙላ ዋን፣ የስፖርቱ የበላይ አካል ኤፍአይኤና መርሴዲስ አንድ ላይ መግለጫ እስኪያወጡ ድረስ ማለት ነው።

ባለባጃጁ ይሄን ሲያወራ እጁ ይንቀጠቀጣል። የምሬን ነው። ከዚያ ወደ 2008 ሄደ፣ ባርሴሎና፣ የልምምድ ቀን። ተመልካቾች ፊታቸውን ጥቁር ተቀብተው፣ ዊግ አድርገው፣ የሃሚልተን ቤተሰብ ነን የሚል ቲሸርት ለብሰው ቆሙ። ልጁ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነበር እኮ። በፎርሙላ ዋን ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር ሹፌር፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ እንደዚያ ሲቀለድበት። «አባቱም እኮ እዚያው ከአጠገቡ ይሆናል» አለ ባለባጃጁ። እሱ እንዲህ ሲል ቤቱ ጸጥ አለ። ኳስ የሚያዩት ሳይቀሩ ዞር ብለው አዩን።

ወንድሜ የቨርስታፐን ነው፣ ታውቃላችሁ፣ ቤታችን በዚህ የተነሳ ስንት ጊዜ እራት ቀዝቅዟል። እሱ ደግሞ እንዲህ አለ፦ «ሃሚልተንን የጠላ ሁሉ ዘረኛ አይደለም። ሰውየው ሆስፒታል ገብቶ እሱ ባንዲራ ይዞ ሲጨፍር እኔም ተናድጃለሁ።» እውነቱን ነው። ቨርስታፐንም ራሱ ይሄው አስከፍቶታል። ሃሚልተን በበኩሉ ሆስፒታል መግባቱን አላወቅሁም ብሏል። በዚህ ላይ እስከ ነገ መከራከር ይቻላል፣ ክርክሩም ንጹሕ ነው። ንዴቱ የት ጋ እንደሚቆሽሽ ግን ሁላችንም እናውቃለን ብዬ አስብ ነበር።

ጥር 23 እንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ አንድ ጊዜ የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ፈረሰኛ ከእነ ኮርቻው ወደቀ። አጠገቤ የነበሩ አዛውንት ጮክ ብለው ወቀሱት፣ ልጓም አያያዙን፣ አቀማመጡን፣ ምን ያላሉት አለ። ዘሩን ግን አልነኩም። ያ ወቀሳ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ፈረስ የሚያውቅ ሰው ወቀሳ ነበር። አሁን ለምን ትዝ እንዳለኝ... ብቻ የስፖርት ንዴት ማለት ለእኔ እንደዚያ ነው።

ወደ እሁድ ልመለስ። ውድድሩ ተጀመረ፣ ትንሽ ዙር ሄደ፣ መብራት ጠፋ።

ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው፣ መስኮቶቹ በካርቶን ነው የተደፈኑት። «ኧረ በማርያም!» የሚል አለ፣ የሚያፏጭ አለ። ባለቤቱ ጄኔሬተሩን ሊያስነሳ ወጣ። በዚህ መሀል ባለባጃጁ፣ ያው ባለባጃጁ፣ የጋራዡን ልጅ በስሙ ጠርቶ «እስቲ ፈገግ በል፣ የት እንዳለህ እንይህ» አለው።

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ኳስ ተመልካቹ፣ የእኛ ጥግ፣ ሁሉም።

አንዱ ደግሞ የስልኩን መብራት አብርቶ ልጁ ፊት ላይ ደገነው። እኔ ከጎኑ ነበርኩ። ዓይኑን ጨፈን አደረገና እጁን አነሳ፣ ብርሃኑን ሊከልል። ግሪሱ ከጥፍሩ ሥር አይወጣም፣ ቢታጠብም አይወጣም። በዚያ እጅ ግማሽ ፊቱን ሸፍኖ... ሳቀ። ጥርሱን አሳያቸው። እንደገና ሳቁ።

ልጁ የት አገር ሰው ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ። ብነግራችሁ አንዳንዶቻችሁ «አሃ» ትላላችሁ። ያ «አሃ» ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፣ እኔም እዚሁ ጎጃም ነው ያደግኩት። ጥቁረቱ ከእኛ ጠቆር ይላል፣ በቃ።

እኔም በጨለማው ውስጥ «አያ፣ አሁን ስለ ባርሴሎና ስታወራ የነበርከው አንተ አይደለህ?» አልኩ። ትንሽ ዝም አለ። «እህቴ ደግሞ፣ ቀልድ እኮ ነው። ወንድሜ ነው እሱ» አለኝ። የጋራዡ ልጅም ወደ እኔ ዞረና «ተይው እትዬ፣ እኛ እንዲህ ነን» አለ። ጄኔሬተሩ ተነሳ። ስክሪኑ በራ። ሁሉም ወደ ውድድሩ ተመለሰ፣ ሃሚልተን ስንተኛ ነው፣ ማን ጎማ ቀየረ።

እኔ አልተመለስኩም።

«ተይው» ያለው ለማን ብሎ ነው? ይሄን ነው ሳመላልሰው የሰነበትኩት። ለባለባጃጁ አዝኖ ነው? ለእኔ ነው? ወይስ እኔ ስናገር እንደገና ሁሉም ወደ እሱ ስለዞረ ነው? መብራቱን ሁለተኛ የደገንኩበት እኔ እሆን? አይ፣ እንደዚያ ካልን ማንም ምንም መናገር የለበትም ማለት ነው። እሱም ልክ አይመስለኝም።

ሃሚልተን በ2023 በአንድ ፖድካስት ላይ የተናገረው አለ። ትምህርት ቤት እያለ ሙዝ ይወረውሩበት ነበር። ይሰድቡት ነበር። ቤት ሄዶ ለወላጆቹ መናገር ግን አልቻለም፣ አባቱ ደካማ ነው ብሎ እንዳያስብ። ይሄን ስሰማ ያኔ አለቀስኩ። አሁን ሳስበው፣ ያ ልጅ ክፍል ውስጥ ስቆስ ቢሆን? ከሚስቁት ጋር አብሮ እየሳቀ ቢሆን ያሳለፈው? አላውቅም፣ እንዲህ አላለም። እኔ ነኝ የምጨምረው።

ደግሞ ኔልሰን ፒኬ አለ። የ3 ጊዜ ሻምፒዮን፣ ብራዚላዊ። ስለዚያው ስለ ሲልቨርስቶን ግጭት ሲያወራ ሃሚልተንን በቆዳው ጠራው። ነገሩ በ2022 ሲወጣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ግን ደግሞ እኛ አገር ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያወራው፣ ክፋት አላሰብኩም አለ። የብራዚል ፍርድ ቤት በ2023 በአገሩ ገንዘብ 5 ሚሊዮን ሪያል እንዲከፍል ወሰነበት። ባለባጃጁ ያን ቀን ለተሳፋሪው ሁሉ ሲያወራው ነው የዋለው። «ልማድ ነው ብሎ ነገር የለም!» እያለ። ታዲያ እሁድ ያለኝ ምንድን ነው? «ቀልድ እኮ ነው።»

ተናደድኩ አሁን። ቆይ ውኃ ልጠጣ።

...

እሺ። ግን እውነቱን ልናገር፣ ባለባጃጁ ክፉ ሰው አይደለም። የጋራዡን ልጅ ወባ ይዞት ሲንቀጠቀጥ ሌሊት ሆስፒታል ያደረሰው እሱ ነው፣ አምጥቶም ቤቱ ያሳደረው። ማታ ማታ ከጋራዥ በነጻ ነው የሚያደርሰው። «ወንድሜ ነው» ሲል አይዋሽም። እኮ ይሄ ነው ነገሩን ያከበደብኝ። ክፉ ቢሆን ኖሮ እገላገለው ነበር።

ቤቱም ጥሩ ቤት ነው። በ2022 የኦስትሪያው ውድድር ላይ ሴት ተመልካቾች ስንት ነገር ደረሰባቸው። የተነካኩ አሉ፣ የተሰደቡ አሉ፣ በቆዳቸው የተሰደቡም አሉ። ፎርሙላ ዋን ራሱ መግለጫ አውጥቶ ተቀባይነት የለውም ብሏል። እኔ እዚህ ብቸኛዋ ሴት ሆኜ ስገባ አግዳሚው ላይ ቦታ ይለቀቅልኛል፣ «እትዬ፣ እዚህ ጋ» ይሉኛል። አንድም ቀን ክፉ ዓይን አላየሁም። ስለዚህ ይሄ ቤት የሁላችንም ነው እያልኩ ነበር የማወራላችሁ፣ ታስታውሱ እንደሆነ። ለእኔ ነበር ለካ... ተውት፣ ይሄን ልጨርሰው አልችልም።

ስንወጣ የጋራዡ ልጅ አብሮኝ ትንሽ ሄደ። ስለ ቀልዱ ያወራኛል ብዬ ስጠብቅ እሱ ሌላ ጠየቀኝ። «እትዬ፣ እዚያ ፒት ውስጥ ጎማ የሚቀይሩት፣ ሞተር የሚሠሩት፣ ምን ተምረው ነው የሚገቡት?» አለኝ። ይሄ ልጅ ባጃጅ ገና ከመታጠፊያው ሳይወጣ በድምፁ የቱ ነገር እንደላላ የሚናገር ልጅ ነው። ምህንድስና ነው፣ አልኩት። ዩኒቨርሲቲ። አንዳንዱ በሙያ ሥልጠና ይገባል። ኮሌጁ እዚሁ አለ፣ አውቶሞቲቭ ያስተምራል፣ ምናምን።

ሌላውን አልነገርኩትም። ሃሚልተን በ2021 ያስጠናው ጥናት አለ፣ ከእንግሊዙ የምህንድስና አካዳሚ ጋር ሆኖ። በፎርሙላ ዋን ከሚሠራው ሰው ጥቁሩ 1 በመቶ ገደማ ነው ይላል። ያስጀመረው ራሱ ሃሚልተን ነው፣ በድል ቀን የሚነሡትን የቡድን ፎቶ እያየ እሱን የሚመስል ሰው ሲያጣ። ከዚያ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ከኪሱ አውጥቶ ሚሽን 44 የሚባል ድርጅት አቋቋመ፣ ወጣቶች በሩ እንዲከፈትላቸው። ይሄን ብነግረው ደስ ይለው ይሆን ወይስ ይከፋው? በዚያ ምሽት መንገር አልሆነልኝም። እሱ ግን እየሳቀ «አፍሪካ ውድድር ቢመጣ እኮ ጎማ እሸከምላቸው ነበር» አለኝ። ፎርሙላ ዋን አፍሪካ ለመጨረሻ ጊዜ የተወዳደረው በ1993 ነው፣ ኪያላሚ፣ ደቡብ አፍሪካ። እሱ ያኔ አልተወለደም። እኔም ብሆን...

ይሄኛው ሳቁ ግን ከቤቱ ሳቅ ይለያል ልበላችሁ? ወይስ ለእኔ ነው እንደዚያ የመሰለኝ? ፊቱን በደንብ አላየሁትም፣ መብራት ገና አልመጣም ነበር።

ባለባጃጁ ትናንት ደውሎልኝ ነበር። አላነሳሁም። ተቀይሜ አይደለም፣ ምን እንደምለው ስላላወቅሁ ነው። እሁድ ደግሞ ውድድር አለ። ወንድሜ እንሂድ ይላል፣ እኔም መሄዴ አይቀርም መሰለኝ። የጋራዡን ልጅ ብቻውን ባገኘው ልጠይቀው አስቤያለሁ፣ ግን ጥያቄው ራሱ... «ያን ቀን ከፍቶህ ነበር ወይ?» ልበለው? አልከፋኝም ካለኝስ ልመነው? እንጃ እኔ። የምታውቁ ካላችሁ ድምፅ ላኩልኝ፣ በቴሌግራሙ። የጠላው ታሪክ እንግዲህ ለሚቀጥለው...