ምትክ አልፈልግም

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነኝ። ማይኩ አጠገብ አንድ ኩባያ ሻይ አለ፣ የማወራውም ስለሱ ነው ማለት ይቻላል።

ባለፈው ሳምንት አስቤዛ በስልክ አዘዝኩ። ዕቃውን የሚሰበስበው ልጅ ደወለልኝ። «እህቴ፣ ያዘዝሽው ሻይ ቅጠል አልቋል። ሌላ ጥሩ አለ፣ እሱን ላድርግልሽ?» አለኝ። «አይ፣ ተወው» አልኩት። «ዋጋውም እኮ ይቀንሳል» አለ። «ግድ የለም፣ ምትክ አልፈልግም» አልኩና ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ ቁጭ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ቤት ያለው ሻይ ቢበዛ ለሁለት ቀን ነው የሚበቃው። ልጁ በትህትና ነው የጠየቀኝ። የኔ ድምፅ ግን የሆነ ነገር ሊቀሙት የመጡበት ሰው ድምፅ ነበር። ለሻይ ቅጠል! ይሄ ነገር ምንድነው ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ሳብሰለስለው ከረምኩ፣ ለዚህ ነው ዛሬ የማወራላችሁ።

ለሁሉም ዕቃ እንዲህ አይደለሁም። ጨው ጨው ነው። ስኳርም የመጣልኝን እቀበላለሁ። የጥርስ ሳሙና ላይ ትንሽ አስቸግራለሁ፣ ምክንያቱም ጠዋት አፌ ውስጥ የለመድኩት ቅዝቃዜ ካልመጣ ቀኑ የተጀመረ አይመስለኝም። ሻይ ላይ ስደርስ ግን ወይ ፍንክች።

እናቴ እኔ ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ የምትገዛው አንድ ሻይ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ማስታወቂያ እንዲመስል አልፈልግም። ቆርቆሮው ሲያልቅ አይጣልም ነበር። አንዱ ውስጥ ክርና መርፌ አለ፣ አንዱ ውስጥ ሳንቲም፣ አንዱ ውስጥ ከምን ልብስ እንደተነቀሉ ማንም የማያስታውሳቸው ቁልፎች። ስለዚህ ያ ማርካ ቤታችን ውስጥ ከኩሽና አልፎ መኝታ ቤትም፣ ቁም ሳጥን ላይም ነበር። ማንበብ ሳልችል በፊት ቀለሙን አውቀዋለሁ። ሱቅ ስትልከኝ ስሙን አትነግረኝም፣ «ያንን አምጪ» ነው የምትለኝ፣ እኔም «ያንን» ይዤ እመጣለሁ። ሌላ ይዤ ከተመለስኩ ጫማዬን ሳላወልቅ ተመልሼ ነው የምሄደው።

ልጅ እያለን የሚገባብን ነገር ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ አንድ ጥናት አለ። ከ3 እስከ 5 ዓመት ለሆኑ 63 ልጆች አንድ ዓይነት ምግብ በሁለት መጠቅለያ ሰጧቸው፣ አንደኛው ምንም የማይታይበት፣ ሌላኛው የማክዶናልድስ ምግብ ቤት ምልክት ያለበት። አብዛኞቹ ልጆች ምልክት ያለበት ይጣፍጣል አሉ። ካሮት እንኳ ምልክቱ ሲኖርበት ይበልጥ ጣፈጣቸው። ካሮት እኮ ነው! የዚያ ምግብ ቤት ካሮት ይሁን የሌላ፣ ልጁ ምን ያውቃል? ይሄን ሳነብ መጀመሪያ ተናደድኩ፣ በሕፃናት አእምሮ ላይ ይሄን ያህል ሥልጣን ለማንም መስጠት ከባድ ነው። ቀጥሎ ግን የኛ ቤት የሻይ ቆርቆሮ ትዝ አለኝ። እኔ ላይስ የሆነው ሌላ ነው?

ከቤት ወጥቼ ራቅ ያለ ከተማ ለትምህርት ስሄድ ያ ሻይ እዚያ እምብዛም አይገኝም ነበር። ጓደኞቼ ሁሉ ሌላ ነው የሚጠጡት። ብዙ ነገሬን ቶሎ ቀየርኩ። ዳቦውን፣ ሳሙናውን፣ ዘይቱን እዚያ ያለውን መግዛት ጀመርኩ። ሻዩን ግን ቤት ደርሶ የሚመለስ ሰው ሁሉ እንዲያመጣልኝ አደርግ ነበር። ያኔ የኔ ብቻ ዓመል መስሎኝ ነበር። ኋላ ላይ ነው ብሮነንበርግ፣ ዱቤ እና ጄንትስኮው የሚባሉ ሦስት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በ2012 ያሳተሙትን ያወቅኩት። አሜሪካ ውስጥ ከአንድ ግዛት ወደ ሌላ የተዛወሩ ሰዎች የሚገዙትን ማርካ ተከታተሉ። ሰዎቹ በመጡበት ቦታ ምርጫና በደረሱበት ቦታ ምርጫ መካከል ያለውን ርቀት 60 በመቶ ያህሉን ወዲያው ይሻገሩታል፣ መደርደሪያው ላይ ያለውን ነዋ የሚገዙት። የቀረው 40 በመቶ ግን አብሯቸው ይኖራል። ግማሹ እንኳ እስኪጠፋ ከ20 ዓመት በላይ ይፈጃል። ሃያ ዓመት! ሰው ቤት ይቀይራል፣ ሥራ ይቀይራል፣ የንግግር ቃናው ሳይቀር ይቀየራል፣ የሚገዛው ዕቃ ላይ ግን የድሮ ሰፈሩ አለ።

እሺ፣ ግን ልዩነቱን በእርግጥ በምላሴ አውቀዋለሁ? ቅዳሜ ዕለት ሞከርኩት። ባለቤቴ ሦስት ዓይነት ሻይ በተመሳሳይ ኩባያ፣ በተመሳሳይ ውሃ፣ በእኩል ሰዓት አፈላ። እኔ ሌላ ክፍል ነበርኩ። ኩባያዎቹ ሥር ቁጥር ጻፈባቸው። ቀመስኩ፣ ደገምኩ፣ ውሃ እየጠጣሁ እንደገና ቀመስኩ። «የኔ ይሄ ነው» አልኩ፣ ያለ ምንም ጥርጥር። አልነበረም። በቤቴ ቦታ የማልሰጠው፣ ያ ልጅ በስልክ «ጥሩ ነው» ያለኝ ሻይ ነው የመረጥኩት።

ደነገጥኩ ብል ማጋነን አይደለም። ግን ብቻዬን አይደለሁም። በ1964 የወጣ የቆየ ጥናት ላይ ቢራ ጠጪዎች ስም የሌለው ጠርሙስ ሲሰጣቸው የራሳቸውን ቢራ ለይተው ማወቅ አልቻሉም። ስሙ ጠርሙሱ ላይ ሲመለስ ግን የየራሳቸውን ከሌላው አብልጠው አደነቁ።

አንዳንዱ ሰው ይሄን ይሰማና «አየሽ፣ ሁሉም አንድ ነው፣ ስሙን ነው የምትጠጪው» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ኮካ ኮላ የደረሰበት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በ1985 ኩባንያው የቆየውን ቅመም ቀየረ። ዝም ብሎ አልነበረም የቀየረው፣ ወደ 200,000 ሰው አስቀምሶ፣ አዲሱ ይሻላል የሚል መልስ አግኝቶ ነው። ኤፕሪል 23 አዲሱ ወጣ። ሕዝቡ ተቆጣ። ወደ ኩባንያው የሚገባው የስልክ ጥሪ በቀን ከ400 ወደ 1,500 አሻቀበ። የድሮውን በካርቶን ገዝቶ ቤቱ ያከማቸ ሰው ብዙ ነበር። በ79ኛው ቀን፣ ጁላይ 11፣ አሮጌው ተመለሰ። እንግዲህ ያ ሁሉ ቀማሽ ዋሽቶ ነው? አይመስለኝም። የተጠየቁት አንድ ጉንጭ ቀምሰው የቱ ይጣፍጣል ተብለው ነው። «የለመዳችሁትን ከነጭራሹ ብንወስድባችሁስ?» የሚለው ጥያቄ ሌላ ነው። አንድ ጉንጭ የጣፈጠህ ነገር ዕድሜ ልክህን የምትኖርበት ነገር ላይሆን ይችላል።

ደግሞ የስሙ ነገር ከየት እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል። ድሮ ብስኩትም፣ ዱቄትም፣ ሻይም ከትልቅ በርሜል ወይም ሣጥን እየተዘገነ ነበር የሚሸጠው። ማን እንደሠራው፣ ምን እንደተቀላቀለበት፣ ስንት ጊዜ እንደተቀመጠ የሚያውቀው ባለሱቁ ብቻ ነው፣ እሱም ካወቀ። በ1898 አሜሪካ ውስጥ ናሽናል ቢስኪት የተባለው ድርጅት እርጥበት በማያስገባ እሽግ፣ ስም አውጥቶለት ብስኩት መሸጥ ጀመረ። በእንግሊዝ ደግሞ የመጀመሪያው የተመዘገበ የንግድ ምልክት የባስ ቢራ ቀይ ሦስት ማዕዘን ነው፣ በ1876። ስም መለጠፍ ማለት «ይሄን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ከተበላሸ እኔን ጠይቁኝ» ማለት ነበር። ነገሩ ወደ ቋንቋችን ሳይቀር ገባ። ዱቄት ሳሙናን ሁሉ ኦሞ፣ የጥርስ ሳሙናን ሁሉ ኮልጌት ስንል እኮ አድገናል። እናቴ «ያንን አምጪ» ስትለኝ ትልከኝ የነበረው «ከተበላሸ እኔን ጠይቁኝ» ወደሚለው ቃል ነው። ስትገዛው ቆርቆሮውን ከፍታ አታይም። ማየት አያስፈልጋትም። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ይባል የለ? ጊዜ የሌለው፣ ገንዘቡ የተቆጠረ ሰው አዲስ ነገር ሞክሮ ቢበላሽበት የሚተካበት የለውም።

ለዚህ ነው እኔን የሚያናድደኝ ምትክ ያ ልጅ ያቀረበልኝ ዓይነት ያልሆነው። እሱ በግልጽ «ሌላ ነው» ብሎኛል። የሚያናድደኝ በዚያው ስም፣ በዚያው ቀለም፣ በዚያው እሽግ ውስጥ ሌላ ነገር ሲመጣ ነው። አንድ የምወደው ብስኩት ነበር። አንድ ቀን ነከስኩት፣ የሆነ ነገር ጎደለ። እኔ ነኝ ወይስ እሱ? መሳቢያ ውስጥ የቆየ ባዶ ፓኬት ነበረኝና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ የተሠራበትን አነበብኩ። በብዙ አገር ዝርዝሩ የሚጻፈው በክብደት ቅደም ተከተል ነው፣ ብዙ ያለው መጀመሪያ ይመጣል። በድሮው ላይ ቅቤ ሁለተኛ ነበር። በአዲሱ ላይ የፓልም ዘይት ቦታውን ወስዶ፣ ቅቤ ወደ ታች ወርዷል። ፊት ለፊቱ ላይ አንድም ቃል የለም። ለኩባንያው ጻፍኩላቸው። «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» የሚል መልስ መጣ፣ አለቀ። ያንን ብስኩት ከዚያ በኋላ ገዝቼ አላውቅም።

የኔ ገጠመኝ ብቻ አይደለም። ቶብለሮን በ2016 እንግሊዝ ውስጥ 400 ግራም የነበረውን ቸኮሌት 360 ግራም አደረገው፣ እንደ መጋዝ በተደረደሩት የቸኮሌቱ ጥርሶች መካከል ያለውን ክፍተት አስፍቶ። ሰው ጮኸ፣ በ2018 ቅርጹ ተመለሰ። የአውሮፓ ኮሚሽንም በ2019 ባወጣው ጥናት 128 የምግብ ምርቶችን በ19 አገሮች አወዳድሮ፣ 9 በመቶ ያህሉ ፊት ለፊታቸው ፍጹም አንድ ሆኖ ውስጣቸው ግን ከአገር አገር የተለያየ መሆኑን አገኘ። ሞክሼ በሏቸው፣ ስማቸውና መልካቸው እንጂ ውስጣቸው አንድ አይደለም። ገዢው ታማኝ እንዲሆን ከተፈለገ ሻጩም ሲቀይር «ቀይሬዋለሁ» ይበል። ይሄ ብዙ መጠየቅ ነው?

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የእህቴ ልጅ የለውዝ አለርጂ አለበት። እህቴ «ምትክ አትላኩ» ስትል የአፍ ልማድ አይደለም። የምታውቀውን እሽግ ነው የምታምነው፣ እሱንም በገዛች ቁጥር ጀርባውን ታነበዋለች። ዕቃ የምትሰበስቡ ልጆች የምትሰሙኝ ካላችሁ፣ ሰው ምትክ አልፈልግም ሲላችሁ ምክንያቱን አታውቁትምና አክብሩለት።

የለቀቅኩትም ነገር አለ። የራስ ምታት መድኃኒት ላይ ለዓመታት አንድ ስም ብቻ ነበር የምገዛው። እነዚያ ቅድም ያነሳኋቸው ሦስት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ከሌላ ባልደረባቸው ጋር በ2015 ሌላ ጥናት አወጡ። የፋርማሲ ባለሙያዎች ለራሳቸው የራስ ምታት መድኃኒት ሲገዙ ከሌላው ሰው በበለጠ ስመ ጥሩን ትተው ተመሳሳዩን ርካሽ ይወስዳሉ። የምግብ ሙያተኞችም ጨውና ስኳር ላይ እንደዚያው። የሚያውቁት ሰዎች የማይከፍሉበትን እኔ ለምን እከፍላለሁ? በጥቅሉ ላይ ያለው ንጥረ ነገርና መጠኑ አንድ ከሆነ አሁን ርካሹን ነው የምወስደው። እዚያ ላይ ሰው የሚያስታውሰኝ ነገር የለም፣ ራስ ምታቱ ቢተወኝ ይበቃኛል።

ሻዩ ጋ ልመለስ። ከሙከራው በኋላ ለእናቴ ደወልኩላት። ተሳስቼ ሌላውን እንደመረጥኩ ነገርኳት። ብዙም አልገረማት። «እማ፣ ግን አንቺ ይሄን ሻይ መግዛት የጀመርሽው ለምንድነው?» አልኳት። ዓመታት ሙሉ ጠይቄያት አላውቅም፣ ታምናላችሁ?

ትንሽ ዝም አለች። «አንቺ ሳትወለጂ እኮ ሌላ ነበር የምንጠጣው» አለች። «አባትሽ በጣም የሚወደው። አንድ ጊዜ ከሱቅ ጠፋ። እስኪመጣ ድረስ ብዬ ይሄን ገዛሁ፣ ያኛው በዚያው ቀረ።»

«ስሙ ማን ነበር?»

«ውይ ልጄ… ቀይ ነበር ቆርቆሮው። ስሙን አባትሽ ነበር የሚያውቀው።»

አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። ስልኩን ከዘጋን በኋላ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄድኩ። ከእናቴ ቤት ስወጣ የሰጠችኝ የቁልፍ ቆርቆሮ አለ፣ ዝገት ጀምሮታል፣ ጽሑፉ ተፍቋል። ዕድሜዬን ሙሉ የዚያው የኛ ሻይ መስሎኝ የኖርኩት ነው። መስኮት አጠገብ ወስጄ አየሁት። ከታች በኩል፣ ክዳኑ ሥር፣ ቀለሙ ያልለቀቀበት ትንሽ ቦታ አለ። ቀይ ነው።

ፎቶ አንስቼ ላኩላት። እስካሁን አላየችውም። ሻዬም ቀዝቅዟል፣ ላሙቀው። ሳምንት እንገናኝ፣ ቻው።