ገና ያልጠገገ መንገድ፦ የዓመታዊ ጉባኤያችን የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጋሼ እያልን ከኋላቸው ፔዳል የረገጥን አንጋፋ ብስክሌተኞች፣ ከሩቅ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። በሩ ጋ የቆማችሁ ልጆች፣ ከፊት ወንበር አለ፤ አትፈሩ፣ ግቡ።

ዛሬ ድምፅ የምንሰጥበት ዋናው ጉዳይ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ፣ በወልዲያና በማይጨው አድርጎ መቀሌ የሚገባው የብዙ ቀን ውድድር ነው። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አምና ሐሳቡ ሲቀርብ ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ዘንድሮ ግን እጄ ትንሽ ከብዶኛል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ያበቃው ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. ነው። ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 20 ቀን፣ ለ ፐቲ ዡርናል የተባለ የፓሪስ ጋዜጣ 87 ብስክሌተኞችን ከስትራስቡርግ አስነሣ። ውድድሩን «የጦር ሜዳዎች ዙር» አለው። በሉክሰምበርግ፣ በብራስልስ፣ በአሚያንና በፓሪስ ዞሮ እዚያው ስትራስቡርግ የሚመለስ፣ በሰባት ጉዞ የተከፈለ፣ 2000 ኪሎ ሜትር ገደማ። ጋዜጣ መሸጥ ነበር ነገሩ።

ሦስተኛው ጉዞ ከብራስልስ አሚያን 323 ኪሎ ሜትር ነው። በኢፕርና በካምብሬ በኩል ያልፋል፤ ወታደር አራት ዓመት ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠበት ምድር። መንገዱን መድፍ አርሶታል። ዝናቡም ብርዱም አንድ ላይ ወረደ። ብስክሌቱ ማርሽ መቀየሪያ የለውም። ቤልጅጋዊው ሻርል ደርይተር ሁሉንም ቀድሞ አሚያን ሲገባ ከምሽቱ 5 ሰዓት ሆኖ ነበር፤ 18 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ፈጅቶበታል። ይሄ እንግዲህ አንደኛው ነው! ከኋላ የቀሩት ውስጥ በተተወ ምሽግ አድረው በማግሥቱ የገቡ አሉ። መጨረሻ ላይ ስትራስቡርግ የተመለሱት 21 ሰዎች ናቸው፣ አሸናፊውም ያው ደርይተር። ጋዜጣው ያንን ዙር በዚያ መልኩ ዳግመኛ አልሞከረውም።

ልጆቹ የፈረንሳዩን የፓሪስ–ሩቤ ውድድር «የሰሜን ሲኦል» ሲሉ የድንጋይ ንጣፉን እያሰቡ ነው። ስሙ ግን የወጣው በዚያው ዓመት ነው፤ ጋዜጠኞች መንገዱ ያስኬድ እንደሆነ ሊያጣሩ ሄደው የወደመውን አገር ባዩ ጊዜ። ከዚያ በፊት ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፉት ፋበር፣ ላፒዝና ፐቲ-ብረቶን ከጦርነቱ በሕይወት አልተመለሱም።

ደርይተርን አደንቃለሁ። አዘጋጁን ግን አላደንቅም። ገበሬው ከፍርስራሽ ውስጥ የቤቱን በር እየፈለገ ሳለ፣ በደጁ የሚያልፍ ውድድር ለእሱ ምኑ ነው?

አንዳንዶቻችሁ ሩዋንዳን ታነሡብኛላችሁ። አውቃለሁ፣ እኔም ስከራከር የማነሣው እሱን ነው። በ1986 ዓ.ም. ከደረሰው የዘር ጭፍጨፋ በኋላ የሩዋንዳ ዙር ዓለም አቀፍ ካላንደር ውስጥ እስኪገባ 15 ዓመት ፈጅቷል። አድሪየን ኒዮንሹቲ ስድስት ወንድሞቹን በዚያ እልቂት ያጣ ልጅ ነው፤ በለንደን ኦሊምፒክ የአገሩን ባንዲራ ይዞ ገባ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ውስጥ፣ ኪጋሊ ላይ ተካሄደ። ሕዝቡ ኮረብታውን ሞልቶ በነፃ ሲያይ እኔም በቴሌቪዥን እያየሁ እንባዬ መጥቷል። ግን ሙሉውን እንናገር። ከዚያ ወራት ቀደም ብሎ፣ በየካቲት 2017 ዓ.ም.፣ የሩዋንዳው ዙር ሲካሄድ ከድንበሩ ማዶ የኮንጎዋ ጎማ ከተማ በታጣቂዎች እጅ ነበረች፤ አንድ ትልቅ የቤልጅግ ቡድንም ለደኅንነቴ ብሎ ቀርቷል። የብስክሌት ውድድር ቁስል አይሽርም፤ አንዳንዴ ይሸፍነዋል።

ወደ እኛ ልመለስ። የሰሜኑን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ባለፈው ጥር ከሥራ አስፈጻሚው ሦስት ሆነን መንገዱን ልናይ ወጣን። በመኪና አይደለም፣ በፔዳል። ጣርማ በርን በጉም ነው ያለፍነው። ከቆቦ እንደወጣን የኋላ ቸርኬዬ ሁለት ራጂ፣ ማለትም ቸርኬውን የሚወጥሩትን ሽቦዎች፣ በጠሰ። መንገድ ዳር አንድ ጎሚስታ ነበሩ፤ የከባድ መኪና ጎማ የሚጠግኑ ሽማግሌ። ብስክሌቴን ገልብጠው አዩትና ከቤታቸው ጀርባ የዛገ የልጅ ብስክሌት ጎትተው አመጡ። ከእሱ ራጂ ነቅለው፣ በፒንሳ ቆርጠው፣ አጥፈው አስገቡልኝ። ቸርኬው ትንሽ ይወዛወዛል፤ ግን እስከ አላማጣ አደረሰኝ። የግራ ካሱን ዳገት የወጣሁት ግን ግማሹን በእግሬ ነው፣ አልዋሽም።

«አባባ፣ ስንት ልክፈል?» አልኳቸው።

«ገንዘቡን ተወውና ልጄ፣ ውድድር ይዛችሁ ስትመጡ ልጆቹን አስቡልን። ሊያዩ ሲሮጡ ሜዳው ላይ ይበተናሉ። ሜዳው ደግሞ ገና ከፈንጂ አልጸዳም።»

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስለ ሽልማት፣ ስለ ቲሸርት ቀለም፣ ስለ ስፖንሰር ብዙ አውርተናል። ሊያየን የሚሮጠው ልጅ የት እንደሚረግጥ ግን ማንም አልጠየቀም፤ እኔንም ጨምሮ። ያልፈነዳ ነገር የተቀበረበት መሬት ለተወዳዳሪው ብዙ አያሰጋውም፤ አስፋልቱ ላይ ነው። የሚያሰጋው ለተመልካቹ ነው።

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው የሚያቀርብላችሁ የተሻሻለ ሐሳብ አለ። ዘንድሮ ውድድር አይኖርም። ሰዓት የማይያዝበት፣ አንደኛና ሁለተኛ የሌለው ጉዞ ይሁን። ተመልካች የሚጠራው በየከተማው ስታዲየምና ትምህርት ቤት ግቢ ብቻ ነው፤ የትኛው ሜዳ እንደጸዳ ከየወረዳው ሳንጠይቅ አንድም ፖስተር አንለጥፍም። ለሽልማት የተያዘው ገንዘብ ራጂ፣ ጎማና ካቴና ተገዝቶበት በየደረስንበት ይቀራል። የትግራይን መንገዶች የማታውቁ ወጣቶች፣ ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን ለመንዳት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ከመሆኑ በፊት እግሩን ያጠነከረው እዚያ ዳገት ላይ መሆኑን ታዩታላችሁ።

ይሄ ፈሪነት ነው የሚል ካለ ማይክራፎኑ ክፍት ነው፤ አልቀየምም። የአምናውን ጭብጨባ ግን እንደ ውሳኔ ቆጥሬ ልጆች ወደዚያ ሜዳ አልጠራም።

ሂሳቡን ገንዘብ ያዣችን ያቀርባሉ፣ ከዚያ ወደ ድምፅ እንሄዳለን። ጉባኤው ተከፍቷል። ወይዘሮ ገንዘብ ያዥ፣ መድረኩ የእርስዎ ነው።