«ለምን?» ከማለቱ በፊት ማረጋገጫ አንስጠው

ጤና ይስጥልኝ መምህራን።

ዛሬ የማነሳው አንድ ጉዳይ ነው። ጂኦሜትሪ ስናስተምር ማረጋገጫውን፣ ማለትም አንድ ነገር ሁልጊዜ እውነት የሚሆንበትን ምክንያት ደረጃ በደረጃ ማሳየቱን፣ በጣም እናስቸኩላለን። ተማሪው ጥያቄው ሳይኖረው መልሱን ቦርድ ላይ እንጽፍለታለን፤ እሱም ይገለብጣል፣ ለፈተና ይሸመድዳል፣ ከዚያ ያው ሥዕል ትንሽ ዞሮ ሲመጣ ግራ ይገባዋል።

9ኛ ክፍል ገብታችሁ ስኩዌር ሣሉና በአንድ ጫፉ አቁሙት። «ዳይመንድ ነው» የሚል አይጠፋም። ጎኖቹ ያው እኩል ናቸው፣ ማዕዘኖቹም ያው 90 ዲግሪ። ልጁ የሚያየው ግን መልኩን ብቻ ነው። ሆላንዳውያኑ ባልና ሚስት ፒየር እና ዲና ቫን ሂሌ እ.ኤ.አ. በ1957 ያስረዱት ይሄንኑ ነበር። ተማሪ መጀመሪያ ቅርጽን በመልኩ ያውቃል፣ ቀጥሎ ባሕርያቱን ይለያል፣ ከዚያ ባሕርያቱን እርስ በርስ ያያይዛል። ማረጋገጫ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኛ አራተኛው ደረጃ ላይ ሆነን ስናወራ ልጁ የመጀመሪያው ላይ ከሆነ አንገናኝም።

የጎነ ሦስት ዘዌዎች (ማዕዘኖች) ድምር 180 ዲግሪ ነው የሚለውን እንውሰድ። እያንዳንዱ ተማሪ የፈለገውን ጎነ ሦስት ከወረቀት ይቁረጥ፣ ሦስቱን ማዕዘኖች ቀድዶ ጎን ለጎን ይግጠማቸው። የሁሉም ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል። ከዚያ በፕሮትራክተር ያስለኩ፤ አንዱ 179፣ ሌላው 182 ያመጣል። ይህችን ሰዓት እንዳታልፏት! «ታዲያ ልክ 180 ነው ወይስ ወደዚያ የተጠጋ?» በሉና ዝም በሉ። ይከራከሩ። ክርክሩ ሲጦፍ ነው በአናቱ በኩል ከመሠረቱ ጋር ትይዩ የሆነችው መስመር የምትሰመረው። ያኔ ተማሪው መስመሯ ለምን እንደመጣች ያውቃል፤ መለካት ያልቋጨለትን ነገር ልትቋጭለት ነው የመጣችው።

ጊዜ የለም ትሉኛላችሁ። ክፍሉ በተማሪ የታጨቀ፣ ክፍለ ጊዜው አጭር መሆኑን አውቃለሁ። ግን ያልገባቸውን ደግሞ ደጋግሞ መከለስም ጊዜ ይበላል።

ሌላው፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጪ ያለው ነው። ግንበኛ መሠረት ሲያወጣ በአንዱ ሲባጎ ላይ 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ይለካና በመካከላቸው 5 ሜትር መምጣቱን ያያል። ከመጣ ማዕዘኑ ልክ 90 ዲግሪ ነው። ይሄ እኛ አዘውትረን የምናስተምረው የፓይታጎረስ ቲዎረም ሳይሆን የእሱ ተገላቢጦሽ ነው፤ ቲዎረሙ ከ90 ዲግሪው ተነስቶ ስለ ጎኖቹ ይናገራል፣ ተገላቢጦሹ ከጎኖቹ ተነስቶ 90 ዲግሪ መሆኑን ይነግረናል፤ ተማሪዎቻችን የሁለቱን ልዩነት የሚያዩት አልፎ አልፎ ነው። ግንበኛው ሰያፎቹንም፣ ማለትም ከአንዱ ማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን ያለውን ርቀት፣ ይለካል። ፊት ለፊት ያሉት ጎኖች እኩል ሆነው ሰያፎቹም እኩል ከመጡ ቤቱ አልተጣመመም። ለምን? ይሄ የተሟላ የማረጋገጫ ጥያቄ ነው፣ ልጆቹም መልሱን ማወቅ ይፈልጋሉ።

እባካችሁ ሲከራከሩ በአማርኛ፣ ወይም አፋቸውን በፈቱበት ቋንቋ ይከራከሩ። መጽሐፉም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው፣ ይሁን፤ ሐሳቡ ከጠራ በኋላ በእንግሊዝኛ ይጻፉት። ሐሳብና ቋንቋ አንድ ላይ ሲከብዱባቸው ነው ዝም የሚሉት።

ብሔራዊ ፈተናው ምርጫ ስለሆነ ማረጋገጫ አይጠይቅም፣ ብዙዎቻችን የምንዘለውም ለዚህ ነው። የክፍል ፈተናውን ግን የምናወጣው እኛ ነን። በየፈተናው አንዲት «ለምን እንደሆነ አስረዳ» የምትል ጥያቄ እናስገባ፤ መልሱ ባይሟላም ለአስተሳሰቡ ነጥብ እንስጥ።

ሜትርና ሲባጎ በሩ አጠገብ አስቀምጫለሁ። አሁን በአራት በአራት ሆነን እንውጣና የዚህን አዳራሽ ሰያፎች እንለካ። ውጤቱን ይዘን ስንመለስ እንወያያለን።